እናቴ ለቅሶ የተቀመጠችበት ጌም

እናቴ ስምንት ወር ሙሉ፣ በየቀኑ፣ አንድ ጥያቄ ጠየቀችኝ፦ «ማነው የገደለው?»

ጠዋት ፊቴን ሳልታጠብ ትጠይቀኛለች። ስልክ ደውላ «ስትመጪ ሽንኩርት ይዘሽ ነይ» ትልና ልዘጋው ስል፣ «ቆይ፣ ቆይ! ወንድምየው ነው አይደል?» ትላለች። አንድ እሁድማ ቅዳሴ ላይ ጎን ለጎን ቆመን፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ሸፈን አድርጋ ጠጋ አለችኝና፣ «ሚስትየዋ ከሆነች ራስሽን ነቅንቂ፤ መናገር የለብሽም» አለችኝ። በስመአብ! ራሴ ሳላስበው እንዳይነቃነቅ አንገቴን ገትሬ እስከ መጨረሻው ቆምኩ። ያን ቀን ምን እንደተሰበከ አላውቅም።

ነገሩ እንዲህ ነው። እኔ የቴሌቪዥን ድራማ ጸሐፊ ነኝ። ከሁለት ጓደኞቼ ጋር የጻፍነው የወንጀል ምርመራ ድራማ እሁድ እሁድ ይታይ ነበር፤ ታሪኩም እዚሁ ደጃችን ሽሮ ሜዳ ነው። አንድ የሐበሻ ልብስ ነጋዴ ሱቁ ውስጥ ሞቶ ይገኛል። የሚጠረጠሩት ሦስት ናቸው፦ ሚስቱ፣ ታናሽ ወንድሙና ሾፌሩ። አንድ ሽበታም ኢንስፔክተር ነገሩን ይመረምራል። ሰው ወደደው፤ ኧረ አበደለት! ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰዎች በሾፌሩ ጉዳይ ሲጨቃጨቁ ሰምቼ፣ ጸሐፊዋ አጠገባቸው መቀመጧን ሳልናገር፣ ፊቴን ወደ መስኮት አዙሬ እየሳቅሁ ወርጃለሁ። ከዚያ ሦስት ክፍል ሲቀረው ስፖንሰራችን ጥሎን ሄደና ድራማው ተቋረጠ። ገዳዩ ሳይታወቅ! የወረደብንን ስድብ አልነግራችሁም።

ገዳዩ ማን እንደሆነ የምናውቀው እኛ ጸሐፊዎቹ ብቻ ነበርን። አንድ ቀን እንጨርሰዋለን ብለን ለማንም ላንናገር ተማምለናል። እኔ ደግሞ አንዴ እንቢ ካልኩ እንቢ ነኝ፤ ጠባዬ ነው፣ አልደብቅም። እናቴ «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ትለኛለች። ከማን እንደወረስኩት ግን ጠይቃ አታውቅም።

እናቴ በሙያዋ ቋጪ ናት። ሸማኔው ሠርቶ ያወረደውን ነጠላና ጋቢ ተቀብላ፣ ጫፉ ላይ የተንጠለጠለውን ክር በጣቷ እየገመደች ትቋጫለች። ይሄ የእጅ ሥራዋ ነው። እውነተኛው ሥልጣኗ ግን ሌላ ነው፤ የሰፈራችን የሴቶች እድር ሰብሳቢ ናት። ማን ሞተ፣ ማን ለቅሶ ደረሰ፣ ማን ቀረ፣ ማን መጥቶ ንፍሮውን ሳይቀምስ ወጣ፣ ከእሷ የሚያመልጥ ነገር የለም። ድንኳን ይተከል ያለችበት ቦታ ይተከላል፤ ሰውም ተቀመጥ ያለችው ቦታ ይቀመጣል።

እንግዲህ ይህች ሴት ታመመች። ቀኝ ጎኗን፣ ከጎድን አጥንቷ ሥር፣ ይወጋት ጀመር። «ጨጓራ ነው» አለች። እኛ ዘንድ ከደረት በታች ያለ ሕመም ሁሉ ጨጓራ ነው። ተልባ ጠጣች፣ በርበሬ ተወች፣ ጸበል ተጠመቀች፤ አልለቅ አላት። እየለመንኩም እየጮህኩም አልትራሳውንድ አስነሳኋት። የሐሞት ጠጠር ሆነ።

ሐኪሙ ትሑት ሰው ነበር። «እማማ፣ የሐሞት ከረጢትዎ በኦፕራሲዮን መውጣት አለበት። የተለመደ ሥራ ነው፤ አይፍሩ» አላት።

«ነቅቼ ነው ተኝቼ?» አለችው።

«በማደንዘዣ ይተኛሉ እንጂ። ምንም አይሰማዎትም።»

«እንግዲያው ይቅርብኝ» ብላ ቦርሳዋን አነሳች።

ቢላዋውን አልፈራችም። እንቅልፉን ነው የፈራችው። ሰው በገዛ ፈቃዱ እንዲህ ተኝቶ ባይነቃስ? ማን ይቀሰቅሰዋል? የእድር ሰው ናት፤ ስንቷን «ትናንት ደህና ነበረች» ብላ ቀብራለች። መከርኳት፣ ዘመድ አስመከርኳት፣ የንስሐ አባቷን አመጣሁባት፤ ወይ ፍንክች! እኔ ግን እሷ ጎኗን በመዳፏ ይዛ ፊቷ ሲጨማደድ ባየሁ ቁጥር ልመናዬን እንደ አዲስ እጀምራለሁ። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያለን እኔና እሷ ነን። አንድ ቀን ንድድ ብሎኝ፣ «ኦፕራሲዮኑን ግቢና ገዳዩን እነግርሻለሁ!» አልኳት።

እጇ ቋጠሮው ላይ ቆመ። «መጀመሪያ ንገሪኝ።»

«መጀመሪያ ግቢ።»

«አንቺ ልጅ፣ የወለደችሽን እናት በድራማ ልትገዢ ነው?» ብላ ተቆጣች። ሁለት ቀን ተኳረፍን። በሦስተኛው ቀን ደውላ ሽንኩርት አዘዘችኝና፣ «ሾፌሩ ግን ዓይኑ ደስ አይልም» አለችኝ።

ጌሙ የመጣው በዚህ መሃል ነው። ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ አንድ ፕሮግራመር ደውሎ «ድራማችሁን ለምን ጌም አናደርገውም?» አለኝ። የገባኝ መስሎኝ አልገባኝም ነበር፤ ጌም ማለት ለእኔ መኪና የሚነዳበትና ሰው የሚተኮስበት ነው። አዲሱ ገበያ፣ ከአንድ መድኃኒት ቤት በላይ ወደተከራየው ክፍል ወሰደኝ። ሥዕሎቹን የምትሠራ አንዲት ሰዓሊ አብራው ትሠራለች። ከታች የታክሲ ረዳቶች «ስድስት ኪሎ! ፒያሳ!» እያሉ ይጮኻሉ፤ ከላይ እነሱ ሁለቱ ኮምፒውተር ላይ ተደፍተዋል። ሰዓሊዋ ስልኳን አቀበለችኝና «ንኪው» አለችኝ።

ነካሁት። የሞተው ሰውዬ ሱቅ! እኔ በወረቀት ላይ «ሱቁ ጠባብ ነው፣ ነጠላዎች ተሰቅለዋል» ብዬ በአንድ መስመር የጻፍኩት ሱቅ ጣቴ ሥር በሩን ከፈተልኝ። ኢንስፔክተሩ ወደነካሁት ቦታ ይራመዳል። መሳቢያውን ብነካ መሳቢያው ይከፈታል፤ ሰው ብነካ ሰውዬው ቀና ብሎ ያየኛል፣ ከሦስት ጥያቄ አንዱን መርጬ እጠይቀዋለሁ። ያገኘሁት ማስረጃ ሁሉ ማስታወሻ ደብተሩ ላይ ይጻፋል። በመጨረሻ አንድ ሰው ብቻ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ገዳዩ አንተ ነህ» ብዬ እከሳለሁ፤ ከተሳሳትኩ እውነተኛው ገዳይ አውቶቡስ ተሳፍሮ እብስ! እሰይ ብዬ ጮህኩ። ከታች ያሉት ረዳቶች ቀና ብለው አዩን። በዚያው ቀን ለሁለቱ ጓደኞቼ ደወልኩ፤ ተስማሙ። ያልታየው የድራማው መጨረሻ በጌም ሊወጣ ነው!

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት እንዴት ብዬ ልንገራችሁ? እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። እኔ እጽፋለሁ፣ ሰዓሊዋ ትስላለች፣ ፕሮግራመሩ ሰው እንዲራመድና እንዲናገር ያደርጋል። እንጣላለን፣ እንታረቃለን፣ ፓስታ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ከስድስቱ ምዕራፎች አምስቱ እንዳለቁ ፕሮግራመሩ «አሁን የሚሞክርልን ሰው ያስፈልገናል፤ በሕይወቱ ጌም ነክቶ የማያውቅ» አለ።

እኔ ወዲያው እናቴን አሰብኩ። ከአፌ ሳይወጣ ሌላም ነገር አሰብኩ።

ማታውኑ ስልኩን ይዤላት ገባሁ። «እማዬ፣ ገዳዩ እዚህ ውስጥ አለ። እኔ አልነግርሽም፤ ራስሽ ፈልገሽ ያዢው። ግን ከያዝሽው ኦፕራሲዮን ትገቢያለሽ።»

ስልኩን አየችው፣ እኔን አየችኝ። ጎኗን በእጇ ዳበስ አደረገች። ከዚያ ድንገት ፊቷ በራ። «እመቤቴን! ገዳዩን በገዛ እጄ ከያዝኩ በማግሥቱ እተኛለሁ። ሳልይዘው ግን ንቅንቅ አልልም!»

ማለች። እናቴ በእመቤታችን ምላ አታጥፍም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ በመሐላዋ የገባሁበት ጣጣ ግን የታየኝ ኋላ ነው።

መጀመሪያ ላይ ስክሪኑን የምትነካው የሚያቃጥል ድስት እንደምትነካ ነበር፤ ጫፉን ነካ አድርጋ እጇን ትሰበስባለች። በሦስተኛው ቀን ግን ወይ ጉድ! መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ ጥላ፣ የሚቋጨውን ጋቢ ወዲያ ገፍታ፣ ከኢንስፔክተሩ ጋር ሽሮ ሜዳን ላይ ታች ትለዋለች። የሸማኔው ደንበኞች «ልብሳችንስ?» ብለው ሲመጡ «ምርመራ ላይ ነኝ» ትላቸዋለች።

ደግሞ ጎበዝ ናት! አንድ ቀን ደውላ፣ «ሱቁ ውስጥ በስተግራ የተሰቀለው ነጠላ አንዱ ጫፉ ብቻ ነው የተቋጨው። ለምን?» አለችኝ። ለሰዓሊዋ ብነግራት፣ ክው ብላ «ኧረ ረስቼው ነው!» አለች። ፕሮግራመሩ ግን ከወንበሩ ብድግ አለ፦ «እንዳትነኪው! ማስረጃ እናደርገዋለን! ሳይቋጭ የተወሰደ ነጠላ ማለት አንድ ሰው ቸኩሏል ማለት ነው!» ሦስታችንም እንደ ሕፃን ጨፈርን። ከዚያ ቀን ወዲህ እናቴ እንደ ሞካሪ ሳይሆን እንደ አራተኛ ባልደረባ ሆነች፤ እሷ ግን አታውቅም።

በሁለት ሳምንት አምስቱን ምዕራፍ ጨረሰች። የቀረው ስድስተኛው ነው፤ ኢንስፔክተሩ ወደ ሟቹ ለቅሶ ቤት ሄዶ ሚስትየዋን የሚጠይቅበት። የምኮራበት ምዕራፍ ነበር። ኢንስፔክተሩ ድንኳኑን ገለጥ አድርጎ ይገባል፣ ቀጥ ብሎ ወደ ሚስትየዋ ይሄዳል፣ ደብተሩን ይከፍታል፣ ሦስት ኃይለኛ ጥያቄዎች። ከዚያ ክሱ። ቢበዛ ግማሽ ሰዓት ነው። አንድ ቅዳሜ ጠዋት ጫንኩላትና «ዛሬ ትይዢዋለሽ!» ብያት ወደ አዲሱ ገበያ ወረድኩ። መንገድ ላይ ለሐኪሙ ደውዬ ቀጠሮ ልያዝ ወይ እያልኩ ሳስብ ነበር።

ከሰዓት ተመለስኩ። እናቴ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ስልኩ ጭኗ ላይ ነው። አትነካውም። ዝም ብላ ታየዋለች።

«እማዬ፣ ምን እያደረግሽ ነው?»

«ዝም በይ። ለቅሶ ተቀምጫለሁ።»

ስክሪኑን አየሁት። ኢንስፔክተሩ ድንኳኑ ውስጥ አግዳሚው ላይ ቁጭ ብሏል። ሰዓሊዋ አግዳሚ ስለሳለች ብቻ «ቁጭ በል» የሚል ምርጫ አስገብተን ነበር፤ ቁጭ ይላል፣ ሌላ ምንም አይፈጠርም። እናቴ እዚያ አስቀምጣው ከጠዋት ጀምሮ ትጠብቃለች!

«ኧረ እማዬ! ተነሺና ሚስትየዋን ጠይቂያት እንጂ!»

ጉድ ፈላ። መነጽሯን አወለቀች። «ምን? ባሏን ትናንት የቀበረች ሴት ላይ ደብተር ልዘረጋ? 'እግዜር ያጥናሽ' የሚል ምርጫ እንኳ የላችሁም! ይሄ ኢንስፔክተር እናት አልወለደችውም?»

«መርማሪ ነው እማዬ፣ ሥራው መጠየቅ ነው!»

«ሥራውን አያውቅማ! ለቅሶ ቤት የጠየቀ ሰው ምንም አይሰማም። የሚሰማው የተቀመጠ ነው። ቁጭ ብለሽ ንፍሮሽን ስትበዪ ከጀርባሽ ሁሉም ይወራል፤ ማን ከማን ተጣልቶ ነበር፣ ማን ትናንት የት ነበር። እኔም ቁጭ ብዬ እየጠበቅሁ ነው፤ ማንም አይተነፍስም! ደግሞ እያቸው፤ ሁሉም እኩል ነው የሚያለቅሱት። የት አገር ነው ሰው ሁሉ እኩል የሚያለቅሰው? ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሰው ይስማኝ ብሎ የሚጮኸው ግን ዓይኑ ደረቅ ነው። እኔ የማየው እሱን ነው። የት አለ?»

አልነበረም። ሰዓሊዋ አንድ እንባ ስላ ለሃያ ሰው ገልብጣዋለች።

መናደዴን አልክድም። በሩን ወርውሬ ወጣሁ። ስንት ዓመት በሙያዬ ኖሬ፣ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ተይዤ አድጌ፣ ኢንስፔክተሬን እንደ ፈረንጅ ፖሊስ ድንኳን ውስጥ ዘው ያደረግሁት እኔ ነኝ! ንዴቴ በእሷ ላይ አልነበረም። እውነቷን ስለሆነ ነው የተናደድኩት። አዲሱ ገበያ እስክደርስ ንዴቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ፤ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወጥቼ በሩን ሳላንኳኳ ከፈትኩና «ስድስተኛውን እናፍርሰው!» አልኳቸው።

የሆነውን ነገርኳቸው። ሰዓሊዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ፕሮግራመሩ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። እናትሽ ጋ ውሰጂን» አለ።

በማግሥቱ ቤታችን መጡ። ፕሮግራመሩ እንደ ተማሪ ደብተር ይዞ እናቴ እግር ሥር ዱካ ላይ ተቀመጠ። «እማማ፣ ለቅሶ ቤት መጀመሪያ ምን ያያሉ?» አላት። እሷ ስትናገር ሰዓቱ አልታወቀንም። ቅርብ ዘመድ የት እንደሚቀመጥ፣ ተረኛ ሴቶች ጓዳ ውስጥ ምን እንደሚያወሩ፣ የተጣላ ሰው ለቅሶ ሲደርስ እንዴት ከበር እንደሚመለስ። ቀጥላ የእድሯን መዝገብ አወጣች። በቀብር ቀን የተገኘና የቀረ ሁሉ ስም ጥሪ ላይ ይታያል። «ሰው ይዋሻል፤ ስም ጥሪ አይዋሽም» አለች። ፕሮግራመሩ እስክሪብቶውን ጣለው። ተያየን። የትም አገር ጌም ውስጥ የሌለ ማስረጃ! ኢንስፔክተሩ ቁጭ ይላል፣ ያዳምጣል፣ ከዚያ የእድሩን ስም ጥሪ ያያል፤ አንድ ሰው «ነበርኩ» ብሎ አልነበረም!

«ታዲያ ወንድምየው ስም ጥሪው ላይ ከሌለ እኮ...» ስትል፣ ሦስታችንም በአንድ አፍ «እማማ!» ብለን ጮህን። ሳቀች። ስትስቅ ጎኗን ያዘች።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገባኝ። ምዕራፉን እንደ አዲስ ለመሥራት ቢያንስ ወር ያስፈልጋል። ምዕራፉ ካላለቀ ገዳዩ አይያዝም፤ ገዳዩ ካልተያዘ እሷ አትተኛም፤ ምላለች። ጌሙን ያሻሻለችው ራሷ ናት፣ ኦፕራሲዮኗንም ያራቀችው ራሷ! «እባክሽ የድሮውን ምዕራፍ ተጫውተሽ ጨርሺው» ብዬ ለመንኳት። «ባለጌ ሆኜ ከምይዘው ያምልጠኝ» አለችኝ።

ቀን ከቀን ሠራን። ሰዓሊዋ ሃያ ፊት ለየብቻው ሳለች፤ እኔ በሹክሹክታ የሚወራ ወሬ ጻፍኩ፤ ፕሮግራመሩ ኢንስፔክተሩን መቀመጥ አስተማረው። እንዴት ደስ ይል እንደነበር! ጥሩ ነገር እየሠራን እንደሆነ ሦስታችንም እናውቅ ነበር። እኔ ግን በየምሽቱ የእሷን ፊት እያየሁ የቀረውን ሥራ እቆጥራለሁ።

ጠጠሩ አልጠበቀንም። ጾሙ ተፈታ፤ እሷም ሐኪሙ ቅባት አይብሉ ያላትን ረስታ ቅቤ የጠጣ ዶሮ በላች። በማግሥቱ ጠዋት ስነሳ ወለሉ ላይ በጉልበቷ ተንበርክካ አገኘኋት፤ ላብ አጥምቋታል፤ ቃል አይወጣትም። ተሸክሜ ታክሲ ውስጥ እንዴት እንዳስገባኋት አላውቅም። ሆስፒታል ስንደርስ መርፌ ወጓት፣ ሕመሙ ረገብ አለ፤ ሐኪሙ ግን «ከረጢቱ ቆጥቷል። ከዚህ በኋላ ቀጠሮ የለም፤ ነገ ጠዋት መሠራት አለባቸው» አለኝ።

በነጋታው ሦስት ሰዓት ላይ ባለጎማውን አልጋ ይዘው መጡ። እናቴ የሆስፒታሉን ልብስ ለብሳ፣ ፀጉሯ በቆብ ተሸፍኖ፣ ትንሽ ሴት ሆናለች። የአልጋዋን ብረት ጨብጣ «አልሄድም» አለች።

«እማማ፣ ይጠብቁናል» አለቻት ነርሷ።

«ምያለሁ። ገዳዩን ሳልይዝ አልተኛም ብዬ ምያለሁ። በመሐላ አይቀለድም።»

እጇን ያዝኩት። በረዶ ነው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ መሐላው ሰበብ ነው፣ ፈርታለች። እድሜዋን ሙሉ ድንኳን ስታስተክል የኖረች ሴት ፈርታለች። እኔም ፈርቻለሁ። ከሷ ይብስ ፈርቻለሁ። ስምንት ወር የጠበቅሁት ምስጢር፣ ለጓደኞቼ የገባሁት ቃል፣ ሁሉም በዚያች ደቂቃ ምንም መሰለኝ። ካወቀች የምትጠብቀው ነገር አይኖርም፣ መሐላዋም ይፈታል፣ ትገባለች። ጎንበስ ብዬ አፌን ጆሮዋ ላይ አደረግሁ።

«እሺ እማዬ። ልንገርሽ። የገደለው...»

እጇ አፌ ላይ አረፈ። ዓመታት ክር የገመደ ሻካራ እጅ ነው፤ ከንፈሬን ጥርሴ ላይ እስኪያመኝ ተጫነው።

«ልትነግሪኝ ነው?» አለች።

ራሴን ነቀነቅሁ።

«ስምንት ወር ስለምንሽ እንቢ ብለሽ፣ ዛሬ ልትነግሪኝ?» ዓይኔን አየችው። በደንብ አየችው፤ ከአንዱ ዓይኔ ወደ ሌላው። «የምሞት መስሎሽ ነው።»

መዋሸት አቃተኝ። እንባዬ በጣቶቿ ላይ ወረደ።

«ዝም በይ!» አለችኝ። ድምፁ የእድር ሰብሳቢዋ ነበር፤ ድንኳን የሚያስተክለው። «አንዲት ቃል እንዳትተነፍሺ! ካወቅሁ ለምኔ ብዬ ነው የምነቃው?» እጇን ከአፌ አነሳችና ወደ ነርሷ ዞራ፣ «በሉ ውሰዱኝ፤ ሥራ አለብኝ» አለቻት። ራሷ ተነስታ ባለጎማው አልጋ ላይ ወጣች። በሩ እስኪዘጋ ድረስ ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ፣ ዝም በይ እንዳለችኝ ነበር።

ፕሮግራመሩና ሰዓሊዋ መጡ። አጠገቤ አግዳሚው ላይ ተቀመጡ።

ሐኪሙ ወጥቶ «ደህና ናቸው» ሲል ሁለቱን አንድ ላይ አቀፍኳቸው። ማረፊያ ክፍል ሲያስገቡኝ ዓይኗ ተከድኗል። እጇን ያዝኩት፤ ሞቋል። ብዙ ቆይታ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ጎንበስ አልኩ።

«ሾፌሩ ነው?» አለችኝ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አልነግርሽም!» አልኳት። «ሙች አልነግርሽም!» እያልኩ እጇ ላይ ተደፍቼ ስቅስቅ ብዬ አለቀስኩ።